የዓሊዩ አራተኛ ምት

ስለ ነጎድጓድ ባንድ መጽሐፍ ሲጻፍ በአሰበ ተፈሪ ያልተጠየቀ ሰው አልነበረም። የአዳራሹ ዘበኛ ተጠይቋል። የባንዱን ሰፋፊ ሱሪ የሰፋው ልብስ ሰፊ ተጠይቋል። አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቷቸው ያውቃል የተባለውን የመቻራ ቡና ነጋዴ እንኳ፣ መጽሐፉን የሚጽፈው አስተማሪ ነጋሽ በጭነት መኪና ተንጠልጥሎ ሄዶ ጠይቆታል። እማማ ሣህሊቱን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። የእሳቸውን ቤትና የአስተማሪውን ቤት የሚለየው አንድ የቅንጭብ አጥር ነው። ሲያስነጥስ "ይማርህ" የሚሉት እሳቸው ናቸው። ያም ሆኖ አልጠየቃቸውም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ብርነሽ ሻይ ቤት መጽሐፉ ይነበባል ሲባል ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

"ሳይጠሩት አቤት" አለ ፀጉር አስተካካዩ ሰርክአዲስ፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት።

"አንተን ደግሞ ማን ጠራህ? ፀጉር የሚላጭ መስሎህ ነው?" አሉና ከበሩ አጠገብ ያለውን ወንበር ይዘው ተቀመጡ።

ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ነጎድጓድ የዚህ አገር ልጆች ባንድ ነበር፤ ሮክ የሚጫወት፣ ጊታሩን በመብራት የሚያስጮህ። ከሂርና እስከ መሰላ ሠርግ ያለው ሰው ቀን የሚቆርጠው መጀመሪያ እነሱን ጠይቆ ነበር። የሶማሌ ጦርነት መጣ። ከበሮ መቺው ዓሊዩ ዘመተ፤ ዘምቶም ቀረ። ሌሎቹ ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ ዐሥር ዓመት ሆኗል። ዓሊዩን የወለደችው ረዲያ ናት፤ ሆኖም ያደገው በእማማ ሣህሊቱ ግቢ ነው። ረዲያም አሁን የለችም። ለልጇ የሚናገርላት ሰው ከተገኘ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ነጋሽ በታይፕ የተመታውን ወረቀት አስተካክሎ ያዘ። ነገ በጠዋቱ አውቶቡስ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። አሁን ያነብባል፣ ሰው ያዳምጣል፣ ይስቃል፣ ይከራከራል።

"ለጊታር መቺው ሦስት ገጽ ብቻ?" አለ ሰርክአዲስ። "ሱሪው ሁለት ገጽ ተጽፎለት የለም እንዴ! ይኼ ፍርድ ነው?"

"ሱሪው ከሰውዬው ይበልጣል፣ ምን ታደርገዋለህ" አለ አብዱረዛቅ፤ የሂርና ጫት ነጋዴ ነው። ነጎድጓድ ባለበት ሁሉ እሱ አይጠፋም ነበር።

ነጋሽ ቀጠለ። "ከበሮ መቺው ዓሊዩ ተሰጥኦ ነበረው። ይሁን እንጂ መጠጥ ያሸንፈው ስለነበር በየአራተኛው ምት ይስት ነበር። ባንዱ ወደ ትልቅ መድረክ ሳይወጣ የቀረውም በዚህ ጉድለት ነው።"

"ማሎ!" አብዱረዛቅ ከወንበሩ ተነሣ። "ዓሊዩ? ሰላት የማያሳልፈው ዓሊዩ? ወላሂ፣ ያ ሰው የጠጅ ሽታ እንኳ አያውቅም!"

"ጠጅ ካላወቀ ምቱን ማን በላበት?" አለ ሰርክአዲስ።

"አንተ ጸጥ በል፤ ስለ ጸጉር ስናወራ እንጠራሃለን።"

"አብዱረዛቅ፣ ወዳጅህ ስለሆነ ነው" አለ ነጋሽ፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን አንድ ጊዜ የጻፈውን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የሚያየው። "እኔ ለማንም አላዳላሁም። ካሴቱ በእጅህ አይደል? አስገባውና ራሱ ይመስክር።"

አብዱረዛቅ ካሴቱን ከኪሱ አወጣ። ሂርና ላይ በአንድ ሠርግ የተቀዳ ነው፤ ከባንዱ የቀረው ድምፅ ይኸው ብቻ ነው። ብርነሽ ቴፑን ከመደርደሪያው አወረደችለት።

እማማ ሣህሊቱ ነጎድጓድን ሰምተው አያውቁም። አዳራሹ ጀንፈል ቡና፣ ከነገለባው የደረቀውን፣ እየወቀጡ ለሚያድሩ ሴቶች የሚሆን ቦታ አልነበረም፤ ማንም ግቡ አላላቸውም፣ እሳቸውም ደጅ ቆመው የሚለምኑ ሴት አይደሉም። አንድ ቀን ዓሊዩ፣ "እማማ፣ ነይና ስሚ፤ እጅሽ አለበት" ብሏቸው ነበር። ሊያባብላቸው መስሏቸው፣ "ሂድ ወዲያ፣ እኔ ለከበሮ ምን እጅ አለኝ" ብለው አባረሩት።

ጊታሩ ጀመረ። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ እንደሚወርድ ያለ ድምፅ ነው። እማማ ሣህሊቱ ሳያውቁት ነጠላቸውን ጨበጡ። ወዲያው ከሥሩ ከበሮው ገባ።

ዱም። ዱም። ዱም።

ከዚያ ምንም።

ዱም። ዱም። ዱም።

ምንም። በዚያች ባዶ ቦታ ላይ የሂርና ሠርገኛ ሁሉ እግሩን አንሥቶ ትንፋሹን ሲይዝ ይሰማል፤ መቶ ሰው ባንድ ጊዜ ዝም ሲል። ከበሮው ሲመለስ መሬቱ አብሮ ይመለሳል።

"ሰማችሁ?" አለ ነጋሽ። "አራተኛው የለም።"

አብዱረዛቅ አንገቱን ደፋ። እውነትም አራተኛው የለም።

እማማ ሣህሊቱ ግን ነጋሽን አልሰሙትም። ቀኝ እጃቸውን ነበር የሚያዩት። ሌባ ጣቱ የተጣመመው ያ እጅ ከጉልበታቸው ላይ ተነሥቶ፣ ባዶው ቦታ ሲመጣ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከበሮው ከመመለሱ በፊት ይሸሻል። ማንም አላዘዘውም። ይሄዳል፣ ይሸሻል። አምላኬ ሆይ፣ አሉ በልባቸው። ይኼ ልጅ ምን አድርጓል?

"ዝጋው" አሉ። ቴፑ ተዘጋ። "ነጋሽ፣ ዓሊዩ ይጠጣ ነበር ብሎ የነገረህ ማን ነው?"

ነጋሽ ወረቀቱን አገላበጠ። "እንዲህ ብሎ በቀጥታ የነገረኝ እንኳ... ጉድለቱን ሰማሁ፤ ምክንያቱን እኔ..."

"አንተ ፈለግህለት።"

"እማማ፣ መጽሐፍ እኮ ነው" አለ ሰርክአዲስ። "ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንዴት—"

"ፊደል አልቆጠርኩም። ምት ግን ቆጥሬአለሁ። ባልቆጥር ኖሮ ይኼን እጅ አታየውም ነበር።" ተነሡ። "ብርነሽ፣ ሙቀጫሽን አምጪ። ሁለት ዘነዘና። ከግቢሽ የተሰጣውን ጀንፈልም አፈስ አድርጊ።"

ብርነሽ የሴትዮዋን ምላስ ስለምታውቅ ለምን አላለችም። ሙቀጫው መሐል ወለል ላይ ተቀመጠ። እማማ ሣህሊቱ አንዱን ዘነዘና ያዙ፣ ሁለተኛውን ለብርነሽ ሰጡ።

"አንተ፣ ና ተንበርከክ" አሉት ነጋሽን።

"እኔ?"

"ጸሐፊው አንተ አይደለህም? ሁለት ሴቶች ሲወቅጡ አንዷ ቁጭ ብላ በእጇ ታገላብጣለች። ካልተገላበጠ ከላይ ያለው ይደቅቃል፣ ከታች ያለው ከነልብሱ ይቀራል። ሦስት ጊዜ እንመታለን፤ አራተኛው የእጅ ነው። ያኔ አግባ። አብዱረዛቅ፣ ቴፑን ክፈት።"

ጊታሩ ዳግመኛ ወረደ። ሁለቱ ዘነዘናዎች ከዓሊዩ ከበሮ ጋር እኩል ወደቁ፤ አንዴ የእማማ፣ አንዴ የብርነሽ፣ አንዴ የእማማ። ዝም።

ነጋሽ እጁን አላስገባም።

"ፈራህ?"

"ቢመታኝስ?"

"ዓሊዩ ሰካራም ከሆነ ይመታሃል። ጽፈኸው የለ? አግባ!"

ሦስት ምት ወደቀ። ነጋሽ ዐይኑን ጨፍኖ አገባ፣ ፍሬውን አፈሰ፣ አገላበጠ፣ አወጣ። ዘነዘናው ወደቀ። ደግሞ አገባ። በሦስተኛው ዐይኑን ከፈተ። በስድስተኛው ፊቱ ተለወጠ፤ ከበሮው ሲጠብቀው ይሰማዋል። ከሞተ ዐሥር ዓመት የሆነው ሰው በየመሐሉ ቆም እያለ የእሱን እጅ ያሳልፋል። ሰርክአዲስ ሳያውቀው ቆሞ ነበር። ቤቱ በሙሉ ቆሞ ነበር፤ ባዶው ቦታ ሲመጣ፣ እንደ ሂርና ሠርገኞች፣ ሁሉም ትንፋሹን ይይዛል።

ዘፈኑ አለቀ። ፍሬው ከገለባው ተለይቶ ሙቀጫው ውስጥ ተኝቷል። የነጋሽ እጅ አቧራ ለብሷል እንጂ ጭረት አልነካውም። ሰው ሁሉ ያንን እጅ ያያል።

"አላሁ አክበር" አለ አብዱረዛቅ በለሆሳስ።

"ረዲያ ነበረች የምትወቅጠው" አሉ እማማ ሣህሊቱ፤ ድምፃቸው ቀጥኗል። "እሷና እህቷ። እኔ አገላባጭ ነበርኩ። ዓሊዩ በረዲያ ጀርባ ታዝሎ ነበር፤ ጡት እስኪተው ድረስ፣ ከዚያም በኋላ። አንድ ቀን እህቷ ሳተች፤ ይኼ ጣቴ የዚያን ቀን ነው። ልጁ ከእኔ ብሶ አለቀሰ። አዳራሽ ሙሉ ሰው እያስጨፈረ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል፣ ያቺን ቦታ ጠብቆልኛል። የእጄን ቦታ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ሄጄ አልሰማሁትም።"

ብርነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዐይኗን ጠረገች።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ" አለ ነጋሽ ከተንበረከከበት።

"ይቅርታህን ለረዲያ መቃብሯ ላይ ንገራት፣ እኔ አልሰበስበውም። እስክሪብቶህን አውጣ። መጠጥ ያልክበትን ሰርዝ፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ። የረዲያን ስም ጻፍ፤ ሙቀጫውን ጻፍ። ከዚያ አንብብልኝ። ካነበብክልኝ በኋላ ለአብዱረዛቅ ስጠውና እሱም ያንብብልኝ፤ ከዚያም ለዚህ ፀጉር ላጭ። ሦስታችሁም አንድ ዓይነት ነገር እስክታነቡልኝ ድረስ፣ ነገ ከመናኸሪያው የምትወጣ አውቶቡስ የለችህም። ተቀመጥና ጻፍ!"