የስማይርና ሰው ኦቨን የሚያንኳኳበት ምክንያት

እዚህ አሜሪካ፣ ስማይርና ከተማ ውስጥ ከእኛ ሰው ቤት ምሳ ተጠርታችሁ ከሆነ አይታችሁ ይሆናል። የቤቱ እመቤት ምግብ ልታሞቅ ኦቨኑ ጋ ትሄድና፣ ከማብራቷ በፊት በሩን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ «ቤቶች!» ትላለች። ከዚያ ከፍታ ታያለች፤ ከዚያ ታበራለች። አዲስ እንግዳ ካለ ይደነግጣል። የለመደው ዞር ብሎም አያይም።

ምክንያቱን ጠይቁ እስቲ። አንዱ የእሳት አደጋ ሕግ ነው ይላችኋል። ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ የሚማር አንድ ልጅ ደግሞ ከጥንት የመጣ የምድጃ ክብር ነው ብሎ ለክፍሉ ጥናት አቅርቦበት ኤ አገኘ ሲባል ሰምቻለሁ። ኤውን ይባርክለት። እውነቱ ግን የአቶ ዘገዬ ጥርስ ነው።

የዘገዬ ሚስት የሺእመቤት ኦቨን ለምን እንደተሠራ አጥታው አይደለም። ግን ያን የሚያህል ቦታ፣ ያውም በር ያለው፣ ለመጋገሪያ ብቻ ማዋሉ ግፍ ይመስላታል። ስለዚህ ድስቱም መጥበሻውም እዚያ ነው የሚያድረው። ድንገት እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የተዝረከረከው ሁሉ በሁለት እጇ ታፍሶ እዚያው ይገባል። ቤቷን ያየ ሁሉ «እንዴት ያለች ንጹሕ ሴት ናት» ይላል። ኦቨኗን ከፍቶ ያየ ግን የለም።

ዘገዬ ኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ይነዳል። ንግግር ነፍሱ ነው፤ ሰርግም ሆነ ለቅሶ እሱ ተነሥቶ ሁለት ቃል ካላለ ያለቀ አይመስለውም። የላይኛው ረድፍ ጥርሱ ሰው ሠራሽ መሆኑን ከሚስቱ በቀር ማንም አያውቅም፤ ልጁ ሶስና እንኳ አታውቅም። ጋደም ሲል አውልቆ ውሃ ያለበት የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ይጨምረዋል። ያለ ጥርስ ሰው ፊት ከሚቀርብ ሞቱን ይመርጣል።

ጣጣውን ያመጣው ነቢዩ ነው። ነቢዩ የሶስና ወዳጅ ነው፤ ጨዋ ልጅ፣ ነርስ፣ ግን እዚሁ ያደገ። አንድ ቅዳሜ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ ዘገዬን ነዳጅ ሲቀዳ አገኘውና፣ በአንድ እጁ ለስላሳውን እንደያዘ፣ «ሶስናን ላገባት ነው፤ ኦኬ ነው አይደል?» አለው። ሽማግሌ የለ፣ ደጅ ጥናት የለ፣ ነዳጅ ማደያ ላይ። ዘገዬ ቀድቶ ሳይጨርስ ቱቦውን ሰቀለ። እዚያው አብረውት በነበሩት ጓደኞቹ ፊት «ሚካኤልን! ለዚህ ልጅ እሺ የሚል ቃል ከዚህ አፍ አይወጣም» ብሎ ማለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ነቢዩ በኋላ ጥፋቱ ሲነገረው አንገቱን ደፍቶ እንደ ደንቡ ሽማግሌ ለመላክ ተነሣ፤ ዘገዬም ንዴቱ በርዶለት ነበር። ግን ሚካኤልን ጠርቶ ምሏል፣ ምን ያድርግ? ሳምንቱን ሙሉ ሻትሉ ውስጥ ብቻውን እየነዳ የእምቢታውን ንግግር ሲለማመድ ከረመ።

የሺእመቤት ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድላት አለ። ልጇን ታውቃታለች። ሶስና አባቷ ሳይመርቃት አታገባም፤ ነቢዩን ትታም ሌላ አታገባም። አንድ እምቢ ከዚያ አፍ ከወጣ የልጇ ነገር አለቀ።

ቀጠሮው እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ዘጠኝ ማለት አሥር ተኩል እንደሆነ የታወቀ ነው፤ የሺእመቤትም በዚሁ ሒሳብ ተዝናንታ ቤቱን እንዳለ ትታ ሽንኩርት ትከትፋለች። ዋናው ሽማግሌ ጋሽ ፍስሐ ግን የሀይዌዩን መጨናነቅ ስለሚፈሩ ጭራሽ ከሰዓቱ ቀድመው መጡ። አበሻ ሆኖ ቀድሞ መምጣት፣ ይኼ ደግ ሥራ ነው?

ደወሉ ሲጮህ ዘገዬ ፎቅ ላይ ተኝቷል። የሺእመቤት ሪሞቱን፣ ነጠላ ጫማውን፣ የመድኃኒት ብልቃጡን፣ ዘገዬ ፎቅ ሲወጣ ጠረጴዛ ላይ የረሳውን ኩባያ፣ ሁሉንም ምን እንደሆነ እንኳ ሳታይ አፍሳ ኦቨን ውስጥ ከተተችና የቤቱን በር ከፈተች።

ጋሽ ፍስሐ አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ አስከትለዋል። ሦስተኛው ሰውዬ ፈረቃ ስለገባበት በሱ ፈንታ የነቢዩ አክስት መሲ መጥታለች፤ በባዶ እጄ አልገባም ብላ ላዛኛ ይዛለች። «ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች የሺእመቤት። ጋሽ ፍስሐ በደንቡ መሠረት «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው በታመመ ጉልበታቸው ቆሙ።

መሲ ግን ሥራ ፈት አይደለችም። «እኔ ይቺን ላሙቃት» ብላ ወጥ ቤት ገባች። አሜሪካን የለመደ ሰው መጀመሪያ ያበራል፣ ሲግል ነው የሚከፍተው። ቲት፣ ቲት፣ ቲት አለ ኦቨኑ።

የሺእመቤት ሳሎን ቆማ ሰማችው። መጀመሪያ ድስቶቹ ትዝ አሏት። ቀጥሎ ሪሞቱ። ቀጥሎ ኩባያው። በሆዷ «ወይ ጉዴ» ብላ አንድ እግሯን አነሣች። ያኔ ነው ሌላ ሐሳብ ሽው ያለባት። ዘገዬ ያለ ጥርስ አፉን አይከፍትም። አፉን ካልከፈተ እምቢ አይልም። ያነሣችውን እግር ቀስ ብላ መልሳ አስቀመጠችና፣ «ጋሽ ፍስሐ፣ በሞቴ ይቀመጡ» አለች። «አንቀመጥም» አሉ።

ፎቅ ላይ መሳቢያ ሲከፈትና ሲዘጋ ተሰማ። ቆይቶ ዘገዬ ወረደ፤ ኮቱን ለብሷል፣ በላዩ ላይ በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት ጋቢ እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። ሽማግሌዎቹን በእጁ ሰላም አለና ሚስቱን አፍጥጦ አያት። የት አደረግሽው ነው የሚለው። የሺእመቤት ጣሪያውን ማየት ጀመረች።

ጋሽ ፍስሐ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቶ ዘገዬ፣ ልጃችን አጥፍቷል። የሰው ልጅ ነዳጅ ማደያ ላይ አይጠየቅም። እኛ ግን ደጅዎ ቆመናል። ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን ብለን መጥተናል።»

ዘገዬ ጋቢውን አፍንጫው ላይ አጠበቀ። ዓይኑ በመስኮት ወጣ። ደጅ ሶስና መኪናዋ ውስጥ ናት፤ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ሁለት እጇ መሪው ላይ ነው፣ የቤቱን በር እያየች ተቀምጣለች። የሺእመቤትም አየቻት።

ይኼኔ የፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ የጭሱ አላርም ይጮህ ጀመር። «ኧረ ምንድን ነው የሸተተው?» አለች መሲ ከወጥ ቤት። ዘገዬ አንገቱን ወደ ሽታው አዞረ፣ ከዚያ ወደ ሚስቱ። ገባው። የሺእመቤት አለቀልኝ አለች።

ዘገዬ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ጥቂት እዚያው አቆየው። ከዚያ ባዶውን አወጣና፣ ጋቢውን እንደያዘ፣ ጋሽ ፍስሐን እያየ አንገቱን ወደ ታች ነቀነቀ።

«ሰጥቻለሁ ማለትዎ ነው?» አሉ ጋሽ ፍስሐ።

ደግሞ ነቀነቀ። የመሲ እልልታ ከአላርሙ ጋር ተደባለቀ፤ ጋሽ ፍስሐም እፎይ ብለው ተቀመጡ። የሺእመቤት ወጥ ቤት ሮጣ ኦቨኑን አጠፋች፤ ሪሞቱና ጥርሱ አንድ ላይ ቀልጠው ተጣብቀዋል። በፎጣ ጠቅልላ ሸሸገቻቸው። መሲ ያየችው ድስቶቹንና ነጠላ ጫማውን ብቻ ነው፤ እሱም በቃት፣ አፍራ መግቢያ ጠፋት።

እንግዶቹ ሲሄዱ ዘገዬ አፉን ሸፍኖ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «ሰው ቤት ሳይንኳኳ አይገባም። ከእንግዲህ ይቺንም ሳታንኳኩ እንዳታበሩ።» መሲ ይኼን ስትሰማ እንደ ንስሐ ያዘችው። ከመሲ ወደ ጎረቤቷ፣ ከጎረቤቷ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አገሩን አዳረሰው።

ሰርጉ ሲቃረብ የሺእመቤት ያን ኮት ላውንደሪ ልታስገባ ኪሱን ፈተሸች። በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ፈታችው። የዘገዬ የድሮ ጥርስ ነው፤ ትንሽ የሚላላው፣ ለመጠባበቂያ የተቀመጠው። ያን ቀን መሳቢያ ሲከፈት የተሰማው ለዚህ ኖሯል።

ዘገዬ ቴሌቪዥን እያየ ነበር። ጥርሱን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ኪስህ ውስጥ ነበረ?»

«አንቺስ» አለ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ፣ «ኦቨኗ ስትጮህ ሰምተሽ ነበር አይደል?»

የሺእመቤት አጠገቡ ተቀመጠች።

«ለምን አላደረግከውም ታዲያ?» አለች።

«በመስኮት አየኋታ» አለ። «ሚካኤል ምስክሬ ነው፣ ከአፌ አልወጣም። አንገቴ ግን አልማለም።»

የሺእመቤት ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጡባት። ሁለቱንም እንዳያይባት ወጥ ቤት ገባች። የምታሞቀው ነገር አልነበረም። ቢሆንም ኦቨኑ ፊት ቆማ ኳ ኳ አደረገች።

«ቤቶች» አለች።

«ግቡ» አለ ዘገዬ ከሳሎን።