ነጩ በግ ምን አጠፋ?

አቶ ሕሩይ ዕድሜያቸውን የፈጁት የትምህርት ቤት የዲሲፕሊን ኃላፊ ሆነው ነው። ጡረታ ሲወጡ፣ የካ ውስጥ እንጦጦ ግርጌ ባለው ቤታቸው የሚቀጧቸውና የሚሸልሟቸው ሁለት በጎች ብቻ ቀሩላቸው። ጨዋውን ነጩን በግ ወንዙ ዳር ለምለም ሣር ላይ ይለቁታል። ሰው መውጋት የሚወደውን ቀዩን ግን ሣር የሌለበት ዳገት ላይ፣ ግራር ሥር አስረው “ቅጠልህን እየበላህ አደብ ግዛ!” ይሉታል።

ክረምቱ ሲወጣ ቀዩ ሰብቶ ጠጉሩ አብረቀረቀ። ነጩን ተቅማጥ ያዘው፤ አገጩ ሥር አብጦ ጎኑ አጥንት በአጥንት ሆነ።

ጎረቤታቸው ሊሊሳ የእንስሳት ሐኪም ነው። የታመመውን በግ ፋንድያ ወስዶ መርምሮ መጣ።

“ጋሼ፣ አንጀቱን ትል ሞልቶታል። የትሉ እጭ እርጥብ ሣር ላይ ነው የሚኖረው፤ በጉ ከሣሩ ጋር ይውጠዋል። ቀዩን ያተረፈው መራራው የግራር ቅጠል ነው፤ ትሉን ያዳክመዋል። ለነጩ መድኃኒት እሰጠዋለሁ፤ እርስዎ ግን ሁለቱንም ወንዙ ዳር አያድርሷቸው።”

አቶ ሕሩይ የሰሙት ግማሹን ነው። እንዲያ ያለ ሣር እየበሉ መክሳት ለእሳቸው ንቀት ነበር። ነጩን ቀጥተው ግራሩ ሥር አሰሩት፤ ጠባዩ ተሻሽሏል ያሉትን ቀዩን ሸልመው ወንዙ ዳር ለቀቁት።

ለሥራ ክፍለ ሀገር የሄደው ሊሊሳ ከወራት በኋላ ሲመለስ፣ ነጩ ወፍሮ ቅጠል ይለቅማል።

“አየህ!” አሉ አቶ ሕሩይ በኩራት። “ቅጣት ቀጥ አደረገው።”

“ቀዩስ?”

አቶ ሕሩይ ያበጠ አገጩን አይተው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

“እሱስ መሸለም የሚገባው ልጅ አልነበረም።”