የግሸኗ ፎቶ

ሎዛ ሱቄ በር ላይ ስትቆም ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ አብጧል። እናቷ በለጥሻቸው ማረፏን ንጋት ላይ የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ ሰምቻለሁ። ሰምቼም ለቅሶ ቤት አልሄድኩም፤ ሱቄን ከፍቼ ቁጭ አልኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ እንግዲህ።

«እትዬ ፍሬሕይወት፣ እንደምን አደሩ?» አለችኝ።

አደሩ! የዚህችን ልጅ የመጀመሪያ ጥርስ ጣሪያ ላይ የወረወርኩት እኔ ነኝ። «አንቺ» ነበር የምትለኝ። ከእናቷ ጋር አምስት ዓመት ተኳርፈን ስንኖር እኔም «እርስዎ» ሆኜ አረፍኩት።

«ያጥናሽ የኔ ልጅ» አልኳት።

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ። ከፊት የሚያዝ ፎቶ አጣን።» የቀበሌ መታወቂያ አወጣች። ማኅተሙ የበለጥሻቸውን ግማሽ ፊት በልቶታል፤ የተረፈው ግማሽ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ የተነሳ ይመስላል። «ፎቶ መነሳት እንደማትወድ ያውቃሉ። ያለቻት የግሸኗ ናት። ‹ስሞት የግሸኗን ነው የምታወጡልኝ፣ ፍሬ ጋ አለች› ትለኝ ነበር። አደራዋን ብዬ ነው የመጣሁት።»

ፍሬ ጋ አለች! እኔ ጋ እንደሌለች፣ ያጣላን ራሱ ይኸው ፎቶ እንደሆነ በለጥሻቸው ከማንም በላይ ታውቃለች። ታዲያ ልጇን ለምን እንዲህ አለቻት? «የለችም» ብዬ መገላገል ነበረብኝ። ምን ቅብጥ እንዳደረገኝ እንጃ፣ «ስድስት ሰዓት ላይ ነይ፣ አወጣታለሁ» አልኳት። ልጅቷ መታወቂያውን ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ፎቶ ቤቴ መርካቶ፣ ከራጉኤል ጀርባ ነው። የበለጥሻቸው ክርና ቁልፍ መሸጫ ፊት ለፊቴ ነው፤ በመሃላችን ተሸካሚና ጋሪ የሚጋፋበት ጠባብ መንገድ ብቻ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ምሳችንን አብረን በልተናል። በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ማኅበራችን ለግሸን ማርያም በዓል አውቶቡስ ተከራየ። አርባ ስድስት ሰው ነን፣ ፎቶ አንሺዋ እኔ ነኝ። ደሴን አልፈን ተራራው ሥር ስንደርስ ሆዴን ቆረጠኝና መቆም አቃተኝ። ካሜራዬን በለጥሻቸው አንገት ላይ አንጠለጠልኩና፣ «ሁሉንም አንሺልኝ፤ አንድም ሰው እንዳታስቀሪ» አልኳት። እሷ ወጣች፣ እኔ አውቶቡስ ውስጥ ተኛሁ።

አዲስ አበባ ስንመለስ የካሜራውን ካርድ ኮምፒውተሬ ውስጥ ከተትኩ። ፕሮግራሙ ፎቶውን ይገለብጥና በዓመት በወር ይደለድለዋል፤ ከዚያ ካርዱን ያጸዳል። የዚያን ሰሞን ፎልደር ስከፍት የመንገዱ አለ፣ የደሴው አለ፣ የተራራው አንድም የለም። በዓሉ እንዳለ የለም! ደሜ ፈላ። መንገዱን ተሻግሬ ሄድኩባት።

«ባትሪው ሞተብኝ። ቀየርኩና የጠየቀኝን ሞልቼ አነሳሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም» አለችኝ።

«አጥፍተሽዋል! የማታውቂውን ቁልፍ ማን ንኪ አለሽ?» ብዬ ደንበኞቿ ፊት ጮህኩባት። ያም አልበቃኝ፣ ለማኅበሩ ሰብሳቢ ለጋሼ ወርቁ ነገርኩ፤ እሳቸው ደግሞ ለሁሉም። የበዓላችንን ፎቶ ያስቀረችብን እሷ ናት ተባለ። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ በለጥሻቸው ከማኅበሩ ወጣች። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፊት ለፊት በራችንን እንከፍታለን፣ ማታ እንዘጋለን፣ አንነጋገርም።

ይኸውላችሁ፣ ዛሬ የሌለ ፎቶ ልፈልግ ተቀመጥኩ። ኮምፒውተሬ ውስጥ ስልሳ ሺህ ፎቶ አለ። ቁልቢ፣ ሶደሬ፣ ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ሰርግ፣ ክርስትና፣ የኢድ ልብስ የለበሰ ሕፃን፣ ምኑ ቅጡ! መጀመሪያ ያንኑ ሰሞን፣ የፈረንጆቹን 2008 ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ከፈትኩ። ከአምስት ዓመት በፊት አይቼ የተውኩትን እንደገና አየሁ። የደሴ ሆቴል፣ የአውቶቡሱ ጎማ፣ ጋሼ ወርቁ ሙዝ ሲልጡ። ከዚያ በኋላ ባዶ ነው። ቀጥሎ ኦገስትን፣ ቀጥሎ ኖቬምበርን አየሁ፤ ዓይኔ እስኪደክም ፎቶ በፎቶ አገላበጥኩ። አራት ሰዓት ሆነ። ሲዲዎቹን አወረድኩ። ግማሹ ተፋፍቋል፣ ግማሹ ላይ ምንም አልጻፍኩበትም። አንድ በአንድ እየከተትኩ አየኋቸው።

አምስት ሰዓት ላይ ጁነዲንን ጠራሁት። ከእኔ ሁለት ሱቅ አልፎ ኮምፒውተር የሚሸጥ የወሎ ሰው ነው፤ ይህንንም የሸጠልኝ እሱ ነው። ትዕግሥቱ ለሁለታችን ይበቃል።

«ካርዱስ? ከካርድ ላይ የጠፋ ማስመለስ ይቻላል» አለኝ።

«ከካሜራው ጋር ሸጥኩት።»

«ያኔውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«ያኔማ ተቆጥቼ ነበር!»

«አንቺ ያልተቆጣሽበት ቀን ካለ ንገሪኝና እሱን እንፈልግ» አለ። በሌላ ቀን ቢሆን ሳቄ ይመጣ ነበር። አሁን ግን ፊቴን ወደ በሩ አዞርኩ። ከመንገዱ ማዶ የበለጥሻቸው ሱቅ ተዘግቷል፤ ቁልፉ ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረውበታል።

አምስት ተኩል ሲሆን መብራት ጠፋ።

«ኧረ በራጉኤል! ዛሬን ብቻ!» ብዬ ጮህኩ። የኮምፒውተሩ መጠባበቂያ ባትሪ ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ሳይበላሽብኝ ብዬ አጠፋሁት። ጁነዲን ጄኔሬተሩን ላስነሳ ብሎ ወጣ። ጨለም ባለው ሱቅ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ልጅቷ ትመጣለች፣ «ዋሽቼሻለሁ፣ የለችም» እላታለሁ፤ በለጥሻቸውም ያለ ፊት ትቀበራለች። የማደርገው ስላጣሁ መታወቂያውን አንስቼ ወደ በሩ ብርሃን አስጠጋሁት።

ግማሽ ፊቷን አየሁ። ስሟን አነበብኩ። ከሥሩ የተሰጠበት ቀን ተጽፏል፦ 03/05/2001።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ኋላ ቁጥሩ ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ። ሁለት ሺህ አንድ። ግሸን የሄድንበት ዓመት ነው። ቀበሌው ሌላ ምን ሊጽፍ ነው? ቀን ሙላ ቢባል በዚህ ሁሉ መርካቶ የፈረንጅ ቀን የሚሞላ ማን አለ? ካሜራዬን በፈረንጅ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ ኮምፒውተሩ እንዳይምታታበት ብዬ። ባትሪው ሲወጣ ካሜራው ቀኑን ይረሳል፤ ሲከፈት ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ ይጠይቃል። የጠየቀኝን ሞልቼ አነሳሁ ብላኛለች። ጆሮዬ ላይ ነው የነገረችኝ! ሃያ አንድ፣ አንድ፣ ሁለት ሺህ አንድ። መስከረም ሃያ አንድ፣ የበዓሉ ቀን። ኮምፒውተሩ ደግሞ የፈረንጅ 2001 ጃንዋሪ አድርጎ አንብቦታል።

«ጁነዲን!» ብዬ ስጮህ መንገድ ላይ ያለ ተሸካሚ ሁሉ ዞር አለ።

ጁነዲን ገመዱን በሱቆቹ ደጃፍ ዘርግቶ ሰካልኝ። ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። 2001 የሚል ፎልደር አለኝ፤ እኔ «ምን አለሽ ተራ» ነው የምለው። ቀኑ ያልተሞላ የደንበኛ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ዓመት ስለሚጀምር፣ የሰው ውዳቂ ሁሉ ተጠራቅሞ እዚያ ይገባል። አሥራ አንድ ሺህ ፎቶ ነው። እኔ ዲጂታል ካሜራ ከመግዛቴ በፊት ያለ ዓመት ስለሆነ የራሴን ነገር እዚያ እፈልጋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

የፈረንጆቹን ጃንዋሪ ከፈትኩ። ሃያ አንድ ላይ ወረድኩ።

መቶ ሠላሳ አራት ፎቶ።

ጋሼ ወርቁ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ከኋላቸው ገደል። ውባንቺ ከነልጆቿ። ማኅበርተኛው ሁሉ አንድ በአንድ፣ እንደ ታዘዘችው። አንዳንዱ ተንጋዷል፣ አንዳንዱ ጭንቅላቱ ተቆርጧል፣ ሦስቱ ላይ ጣቷ ገብቷል። ከመሃል አንዱ የራሷ ነው። የሆነ ሰው ካሜራውን ተቀብሎ እዚያው ገደል አፋፍ ላይ አንስቷታል። ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል፣ ነፋሱ ፀጉሯን በትኖታል፣ አፏን ከፍታ ትስቃለች። ፎቶ የምትጠላው የፊት ጥርሷ ስለተሰበረ ነበር፤ እዚያ ግን ረስታዋለች።

የመጨረሻው ፎቶ ደግሞ አውቶቡስ ውስጥ ነው። እኔ ነኝ። አፌን ከፍቼ ተኝቻለሁ፣ የበለጥሻቸው ጋቢ እስከ አገጬ ተሸፋፍኖልኛል። እሷም በመጨረሻ እኔን አንስታ ካሜራውን ዘጋች። አንድም ሰው እንዳታስቀሪ አላልኳትም?

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሰው ቢያየኝም ግድ አልሰጠኝም። አምስት ዓመት ሙሉ ውዳቂ ያልኩት ክምር ውስጥ ነበረች፣ ያስቀመጥኳትም እኔው ነኝ። «አልነካሁም» ስትለኝ አንዲት ደቂቃ ቁጣዬን ውጬ ምን ሞላሽ ብዬ ብጠይቃት ኖሮ ያን ቀኑኑ ያልቅ ነበር። ጁነዲን ማተሚያው ላይ ወረቀት ሞላልኝ።

ሎዛ ስድስት ሰዓት ላይ ስትመጣ ፎቶው በትልቁ ታትሞ ፍሬም ውስጥ ገብቶ ነበር። ገና ስታየው አፏን ያዘች። ረጅም ጊዜ የእናቷን ፊት በጣቷ ዳሰሰችው።

«የት ነበረች?» አለችኝ።

ጁነዲን መሬት መሬት ያያል። ከሱና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። «ሲዲ ውስጥ ተደብቃ» ማለት እችላለሁ፤ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«እዚሁ እኔ ጋ ነበረች» አልኩ። «እናትሽ አላጠፋችም። ሁሉም አለ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስለሞላች ሌላ ቦታ ገብቶ ነው። በደንብ ሳልፈልገው ነው ስሟን ያጠፋሁት።»

ሎዛ ቀና ብላ አየችኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፣ በጮኸችብኝ ብዬም ተመኘሁ።

«እማዬ ‹ቁጣዋ ሲበርድላት ትፈልጋታለች› ትል ነበር። ‹ከፈለገች ታገኛታለች› ትል ነበር» አለችኝ። ከዚያ ፍሬሙን መልሳ እጄ ላይ አኖረችው። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለማኅበርተኞቹ ንገሪያቸው። ፎቶዋንም አንቺ ትይዢያለሽ።»

አንቺ አለችኝ። በቁጣ ይሁን በሌላ እስካሁን አላውቅም።

ከድንኳኑ እስከ መኪናው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መቃብሩ፣ የምትስቀዋን በለጥሻቸውን ደረቴ ላይ ይዤ አስከሬኗ ፊት ሄድኩ። ማኅበርተኛው ከወዲያም ከወዲህም ቆሞ ፎቶውን ያያል፤ ከዚያ እኔን ያያል። ያ ገደል፣ ያ ነፋስ የት እንደሆነ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሹክሹክታው ከኋላዬ ሲከተለኝ ይሰማኛል።

አፈሩ ተመልሶ ሰዉ ለእግዜር ያጥናችሁ ሲሰለፍ፣ ሎዛ አጠገብ ቆምኩ። በቁጣ ጊዜ መርካቶን የሚያናውጠው ድምፄ አሁን የት እንደገባ እንጃ።

«የግሸኑ ፎቶ አልጠፋም ነበር» አልኩ። «እኔ ጋ ነበር። በለጥሻቸው አንድም አላጠፋችም። ውሸታሟ እኔ ነኝ።»

ጋሼ ወርቁ ከዘራቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ። አርጅተዋል፤ ያቺን ተራራ ዳግመኛ አይወጧትም። ፎቶውን ትኩር ብለው አዩት።

«የኔም አለ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አለ ጋሼ። ሁላችሁም አላችሁ» አልኩ። «አንድም ሰው አላስቀረችም።»