የጠበበው ዶቃ

1.

ዶቃው ጠበበ።

እሰይ ነው! ጋምቤላ ውስጥ፣ በእነ አሪየት ሰፈር፣ ሕፃን እጅ ላይ ዶቃ ይታሰራል። ዶቃው ጠበበ ማለት ልጅ ወፈረ ማለት ነው፤ ክሩ ይረዝማል፣ እናት ትመሰገናለች። ገና ዓመት ያልሞላት የአሪየት ልጅ የአኬሎ ዶቃ የጠበበ ቀን ጎረቤቷ እማማ አቻን ድብልብል ያሉትን ጣቶች አይተው እልል አሉ። አሪየት በደስታ የምትሆነው ጠፋት።

2.

ምልክት።

አኬሎ እጇን ሲነኳት ትጮኻለች።

እማማ አቻን ጥርስ ልታበቅል ነው አሉ። የአሪየት አማት የሰው ዓይን ነው አሉ። ባሏ ኦጁሉ ወባ ነው ብሎ ደመደመ። በዚያ ሰፈር ወባ ሥራ ፈትታ አታውቅም፤ ራስ ሲያምም ወባ፣ ባል ሲያመሽም ወባ ናት።

3.

ምልክት።

ዶቃው ሰፋ።

አንባቢዬ፣ እዚህ ጋ ቆም በል፤ አሪየትም ቆማለች። ጣቶቹ ሟሽሸው ክሩ ተንጠልጥሏል። እማማ አቻን ከስታለችና ገንፎ ጨምሪላት አሉ። አሪየት የልጇን ጉንጭ አየች፤ ጉንጯ እንዳለ ነው። ሰው በእጁ ብቻ ይወፍራል? በእጁ ብቻስ ይከሳል? ፈራች።

4.

ምልክት።

እንደገና ጠበበ። አሁን እግሯም አብጧል። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሆኗል፤ ከንፈሯ ገርጥቷል።

እልል ያለ የለም።

5.

ጤና ጣቢያ።

ሲስተር፦ ምኗን ነው ያመማት?

አሪየት፦ ዶቃዋን።

ሲስተር፦ (እስክሪብቶዋን አስቀምጣ) እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።

ነገረቻት። ለወባ ተመርምራ አልተገኘባትም፤ ደሟ ወደ ሆስፒታል ተላከ። ሲክል ሴል የሚባል የደም በሽታ ሆነ። ክብ መሆን የነበረበት የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ይታጠፍና ቀጭን ደም ሥር ውስጥ ይሰነቀራል፤ ሕመሙም እብጠቱም ከዚያ ነው አለች ሲስተር። አብረው የመጡት አማቷ ይሄ ከእኛ ወገን አይደለም ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በሽታው ከእናትም ከአባትም እንደሚወረስ ሰሙና መልሰው ከደኑት።

"ትሞትብኛለች?" አለች አሪየት።

"ቀድመሽ አይተሻል። ከተከታተልናት ታድጋለች።"

አሪየት አለቀሰች፤ ከዚያ የልጇን ዶቃ በጥርሷ በጥሳ ኪሷ ከተተችው።

6.

ትእዛዝ።

ውሃ አጠጪ። ከብርድ ጠብቂ። መድኃኒቷን አታቋርጪ። ትኩሳት ከነካት ነጋ አልነጋ ሳትዪ ይዘሻት ነዪ።

አኬሎ አደገች። ባሮ ወንዝ የምትገባው ፀሐይ ውሃውን ሲያሞቀው ብቻ ነው፤ ስትገባ ግን የሚያወጣት የለም። አንዳንዴ ሕመሙ ይነሳባታል። ሲተዋት የተኛችበትን ጊዜ ለማካካስ ይመስል ሰፈሩን ታምሰዋለች።

7.

ገበያ።

ዓሣ ተራው ጋ አንዲት ልጅ እግር እናት ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። ሴቶች ከበዋታል። የሕፃኑ ጣቶች ድብልብል ብለዋል፣ ዶቃው ሥጋው ውስጥ ገብቷል፣ ሕፃኑ ያለቅሳል።

እልልታው ቀለጠ።

እናቲቱ በደስታ የምትሆነው ጠፍቷታል። አሪየት ያንን ፊት ታውቀዋለች። በሰው እልልታ መሃል ገብቶ ማን ይወደዳል? ሟርተኛ ይሏታል። አኬሎ እንሂድ እያለች ቀሚሷን ትጎትታለች።

አሪየት ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። እጇን ኪሷ ከትታ ከዚያ ቀን ወዲህ ያልተለያትን የተበጠሰ ዶቃ አወጣችና ከእናቲቱ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

"እህቴ" አለቻት፣ "የኔም ልጅ ዶቃ እንዲህ ሲጠብ እልል ተብሎልኝ ነበር፤ ሕመም ሆኖ ተገኘ፤ ተነሺ፣ ጤና ጣቢያ አብረን እንሂድ።"