ታፈሰ ገዳይ፣ በቆሎ አብልቶ

ታፈሰን የማታውቁት ካላችሁ፣ ዳላስ አጠገብ ፕሌኖ ነው የሚኖረው። ኢንጂነር ነው፤ ይህንን ሳትጠይቁት ይነግራችኋል። ሣሩን ሰው ያጭድለታል፣ ውሻውን ሰው ያጥብለታል። አምና ደግሞ አዳኝ ሆነ።

እኔና እሱ ሞጣ አንድ ክፍል ነበርን። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ እኔን ጣለኝ፣ እሱን አሳለፈው። ውጤት የተለጠፈ ዕለት ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «እንየው፣ በሬዎቹ ናፍቀውሃል አሉ» አለኝ። እሱ ረስቶታል። እኔ አልረሳሁም። ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ከሰው ጋር ሲያስተዋውቀኝ ትከሻዬን ይይዝና፣ «ከሞጣ ጀምሮ አብረን ነን፤ እሱ ስምንተኛ ላይ ወረደ፣ እኔ ቀጠልኩ» ይላል፤ አውቶቡስ ይመስል። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ? ሥራዬ ኤርፖርት የፓርኪንግ ሻትል እየነዳሁ መንገደኛ ማመላለስ ነው፤ ስለ መሳፈርና ስለ መውረድ ከሱ በላይ እኔ አውቃለሁ።

አምና በመከር ካንተን ከምትባለው ከተማ ወዲያ መሬት ገዛ። ጫካ ነው፣ አጋዘን አለበት። ደወለልኝ።

«እንየው፣ ሜስኪት አይደል የምትኖረው? ሃይዌይ ሃያን ይዘህ ቀጥ ማለት ነው። ሶ፣ አልፎ አልፎ ሄደህ በቆሎ ብትሞላልኝ?»

«ለማን?»

«ለዲሮቹ።»

«ልታረባቸው ነው?»

«ልገድላቸው ነው እንጂ፣ አንተ ደግሞ!»

ሄጄ አየሁት። ሦስት እግር ያለው ትልቅ በርሜል ነው። ከሥሩ ሰዓት የተገጠመለት ሞተር አለ፤ ጠዋትና ማታ ሰዓቱ ሲደርስ ይሽከረከርና በቆሎውን እንደ ዘር ይበትነዋል። ትይዩ አንዲት የእንጨት ጎጆ አለች። ውስጧ ማሞቂያ አለ፣ የሚሽከረከር ወንበር አለ፣ የኩባያ ማስቀመጫ ሳይቀር አለ። አዳኝ ተብዬው እዚያ ተቀምጦ በመስኮት ይጠብቃል። አጋዘኖቹ ሰዓቱን ይለምዱና ሺፍት እንደሚገባ ሠራተኛ ተሰልፈው ይመጣሉ። አበሻ እንዲህ ሰዓት ቢያከብር የት በደረስን!

«ታፈሰ፣ ይሄ ነገር አያስጠይቅም?» አልኩት።

«ሊጋል ነው። የራስህ መሬት ላይ እስከሆነ ድረስ ማንም አይናገርህም። ቴክሳስ ነው እኮ!»

የአደን ሕግ የተጻፈባት ትንሽ መጽሐፍ ሰጠኝ። እንግሊዝኛዬ ቢንገዳገድም አነበብኳት። ማታ በመብራት ዓይኑን አጥበርብሮ መግደል ክልክል ነው። ከመንገድ ላይ መተኮስ ክልክል ነው። ያለ ላይሰንስ ክልክል ነው። አብልቶ፣ አላምዶ፣ ቁርሱ ላይ መግደል ግን ምንም የለበትም። በጨለማ ካታለልከው ወንጀለኛ ነህ፤ በብርሃን ካታለልከው ስፖርተኛ።

«ሕጉስ ይሁን። ነውርስ አይደለም?»

«ነውር የሚባል ሎው የለም» አለኝ። ኢንጂነር ነዋ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። እሺ ያልኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ። በዚያው ሰሞን አማቱ እማማ የትምወርቅ ከአገር ቤት መጥተው ነበር። አባታቸው ጎሽ ገዳይ ነበሩ ይባላል። እሳቸው ታፈሰን ከሰርጉ ቀን ጀምሮ «ያ ወረቀት የሚያገላብጠው ልጅ» እያሉ ነው የሚጠሩት። የበርሜሉም፣ የጎጆዋም፣ የጠመንጃውም ነገር ለሳቸው ነው። ለገና አጋዘን ጥሎ፣ እፊታቸው ፎክሮ፣ ወንድ መባል አማረው። እሳቸው አንድ ቃል ብቻ አሉ።

«በክት አልበላም። ነፍሱ ሳይወጣ በአብ በወልድ ተብሎ ያልታረደ እንዳታቀርቡልኝ።»

ታፈሰ ቢላ ሲያይ ይገረጣል። ስለዚህ አራጁ እኔ ሆንኩ፤ የስምንተኛ ክፍል ሥራ ነዋ። እኔ ደግሞ ውስጤ ሳቀ። በገና ዕለት እማማ የትምወርቅ የሚጠይቁት አራጁን ነው። ያን ጊዜ በርሜሉን፣ ሰዓቱን፣ ወንበሩን አንድ በአንድ እዘረግፋለሁ። ታፈሰ በአማቱና በእንግዶቹ ፊት፣ እኔ ያን ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ እንደቆምኩት ይቆማል። ለዚህች ቀን ስል ተሸከምኩ።

ጾመ ነቢያት ገባ። እኔ ሽሮ እየበላሁ ለአጋዘን በቆሎ አመላልሳለሁ። ከጆንያ ወደ ባልዲ፣ ከባልዲ ወደ በርሜል። ባልዲው የብረት ነው፤ በቆሎው ሲወርድበት ይንኳኳል። አንድ ግራ ጆሮው የተቀደደ ቀንዳም ያንን ድምፅ ለየው። መጀመሪያ ከዛፍ ጀርባ ነበር የሚያየኝ። በኋላ ሞተሩን መጠበቁን ትቶ እኔ ስደርስ ይደርስ ጀመር። ዳስሼዋለሁ ብዬ አልዋሽም። ግን እኔ እየሞላሁ እሱ ከእግሬ ሥር የፈሰሰውን ይለቅም ነበር። ዳላስ ከገባሁ ጀምሮ እኔን ሲያይ ደስ ያለው ፍጡር እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ይህንንም ለታፈሰ ነገርኩት። አፌ ነው።

የአደኑ ወቅት ሊዘጋ በመጨረሻው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጎጆዋ ውስጥ ገባን። ታፈሰ ቅጠል የተሣለበት ጃኬት፣ ቅጠል የተሣለበት ኮፍያ፣ ቅጠል የተሣለበት ካልሲ አድርጓል። ሽቶም ተቀብቷል። ሞተሩ ዞረ፣ በቆሎው ተበተነ። ቀንዳሙ ከዛፎቹ መሀል ብቅ ይልና አፍንጫውን ያነሣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል።

«ምን ሆኖ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሽቶህ ነዋ! ሚዜ መስለኸዋል።»

«በናትህ እንየው፣ ባልዲዋን አንኳኳት። አንተን ያውቅሃል አላልክም?»

«እሱም ሊጋል ነው?»

«ሊጋል ነው፣ ሊጋል ነው፣ ቶሎ በል!»

ወጣሁና ከጎጆዋ ጎን ቆሜ ባልዲውን አንኳኳሁ። መጣ።

ታፈሰ ተኮሰ። ወንበሩ ከጠመንጃው ግፊት ጋር ዞሮ ፊቱን ከግድግዳው ጋር አጋጠመው፤ መውደቁን እንኳ አላየም። እኔ ቢላዬን ይዤ ሮጥኩ። ቀንዳሙ ይተነፍስ ነበር። ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ በስመ አብ ብዬ አረድኩት። ሲያየኝ ሊነሣ አልሞከረም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአደኑ ዋዜማ፣ መጽሐፏ ብትፈቅድም ቢያንስ ያስደነግጠዋል ብዬ፣ ለአደን ፖሊሱ ስሜን ሳልናገር ኮል አድርጌ ነበር፤ «እዚህ ቦታ አብልተው ይገድላሉ» ብዬ። ካረድኩት በኋላ መጣላችሁ። ላይሰንሱን አየ፣ ቀንዱ ላይ የታሰረውን የፈቃድ ወረቀት አየ፣ በርሜሉን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «እኔም እንዲህ ያለ አለኝ» አለ። የታፈሰን እጅ ጨብጦ ሄደ። ሕግ ያልኩት ይሄንን ነበር!

ገና ደረሰ። የታፈሰ ሳሎን በሰው ተሞልቷል። ጥብሱ ሲቀርብ ታፈሰ ጋቢውን አጣፍቶ ብድግ አለ።

«ዘራፍ! ዘራፍ፣ ያ ታፈሰ!
ዱር ለዱር ተጉዞ፣ አውሬ ያተራመሰ፣
ቀንዳሙን ከአለት ሥር ጥሎ የተመለሰ!»

ካንተን አለት የለም። ዱር ለዱር የዞረው ወንበሩ ነው።

እማማ የትምወርቅ ሳህናቸውን ይዘው አልቀመሱም። ወደኔ ዞሩ።

«አንተ ልጅ፣ ነፍሱ ሳይወጣ ደረስክበት?»

የጠበቅኳት ሰዓት መጣች።

«ደርሻለሁ እማማ። ባርኬ ነው ያረድኩት፣ በክት አይደለም። ግን አሳዶ የገደለው እንዳይመስልዎት» አልኩና ዘረገፍኩት። በርሜሉን፣ ሰዓቱን፣ ማሞቂያውን፣ ሽቶውን፣ ግድግዳውን። ሰው በሳቅ ፈነዳ። የታፈሰ ጆሮ ቲማቲም መሰለ። እኔ ሞቀኝ። «እንዲያውም» አልኩ፣ «እኔ ባልዲ ባላንኳኳለት ኖሮ እስካሁን እዚያው ተቀምጦ ነበር!»

እማማ የትምወርቅ አልሳቁም።

«አባቴ ጎሽ ሲገድል ጎሹም አባቴን መግደል ይችል ነበር» አሉ። ታፈሰ አንገቱን ደፋ። ቀጥለው፣ «ቆይ፣ በቆሎውን ማን ነበር የሚያበላው?» አሉኝ።

«እኔ።»

«ባልዲውንስ ያንኳኳው?»

«እኔ ነኝ አልኩዎት እኮ እማማ።»

«ያረደውም አንተ።»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«እሱማ ምን ያድርግ፣ ከመስኮት ተኮሰ። አውሬው እሱን የት ያውቀዋል? አንተን ግን ያውቅህ ነበር።» ሳህኑን ገፋ አደረጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ማራኪ፣ ለኔ ሽሮ አምጭልኝ።»

ከሁሉም ቀድሞ የሳቀው ታፈሰ ነው። «አይ ባልዲው!» አለኝ ጭኑን እየመታ። ሳሎኑ ተከተለው። ሥጋውን ግን ከእማማ የትምወርቅ በቀር የተወ የለም፤ በኔ እየሳቁ፣ እኔ የባረክሁትን በሉት። እኔም በላሁ። ይጣፍጣል፤ የበቆሎ ነዋ።

አሁን ታፈሰ ሲያስተዋውቀኝ ስምንተኛ ላይ ወረደ ማለቱን ትቷል። «እንየው ባልዲ» ይላል። ስሙ ጋርላንድ ያለው አበሻ ድረስ ተዳርሷል።

ያቺን የሕግ መጽሐፍ መኪናዬ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። የሚስቅብኝ ሰው ሲያጋጥመኝ አውጥቼ እሰጠዋለሁ። ፈልግ እለዋለሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ፈልግ። ባልዲ ማንኳኳት የትም ቦታ ላይ አልተከለከለም።