በገመዳ ጉሮሮ

ዘገዬ የገዛ ድምፁን በሟች ስም የሰማው ፀጉር አስተካካዩ ሰንበታ ዘንድ፣ ግማሽ ፂሙ ተላጭቶ ግማሹ ሳሙና እንደተቀባ ነበር።

ገመዳ ከሞተ ሰባት ወር ሆኖታል። ናዝሬት «ገመዳ ሮክ» ትለው ነበር፤ ኤሌክትሪክ ጊታሩን አንግቶ፣ አፍሮውን እያወዛወዘ፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ሃያ ዓመት የዘፈነ ሰው ነው። ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ እንኳ እሁድ እሁድ የሚዘፍንበትን የሆቴል አዳራሽ ገና በጠራራ ፀሐይ ይሞላው ነበር። ጉበቱን ታሞ በሃምሳ ዓመቱ ሲሞት ከወለንጪቲና ከመልካሳ ሳይቀር በአውቶቡስ ተጭኖ ለቀብር ሰው መጥቷል። አሁን ደግሞ ካሴቱ ወጣ። በሕይወት ሳለ አንድም ካሴት ያላወጣው ሰውዬ ከመቃብር ሆኖ ከተማውን ያዘው።

ዘገዬ በገመዳ ባንድ አሥራ አራት ዓመት ጊታር መትቷል፤ ሁለተኛ ድምፃዊም ነበር። ሰው እስኪሰበሰብ ሦስት ዘፈን ይዘፍናል። ገመዳ ብቅ ሲል ጭብጨባው የእሱን የመጨረሻ ስንኝ ይውጠዋል። የከፋው ነገር ገመዳ ክፉ አለመሆኑ ነው። ከሕዝብ የተሸለመውን ያካፍላል፣ ሰው ሲታመም ይጠይቃል። ክፉ ቢሆን ኖሮ ዘገዬ ጠልቶት ያርፍ ነበር። ደግ ሰውን መጥላት ስላልሆነለት ቀናበት፤ ቅናትን ደግሞ ለማንም አያጫውቱትም።

በሰንበታ ቴፕ የካሴቱ ሁለተኛ ገጽ ላይ «ደመናሽ» ጀመረ።

ዝናብ ያለው መስሎኝ ደመናሽን ሳየው፣
ማሳዬን አረስኩት ዘሩን ሳልለየው።

ሰንበታ ምላጩን እንደያዘ ቆመ። ወረፋ የሚጠብቁትም ወሬያቸውን አቋረጡ።

«ስሙ እስቲ» አለ ሰንበታ፤ «ሰው ሞቱን ሲያውቅ እንዲህ ነው የሚዘፍነው።»

የዘፈነውን ዘገዬን ግን በተቀዳበት ዕለት ሲያስጨንቀው የነበረው የተላቀቀው የጫማው ሶል ነው። ባንዱ አንድ ልማድ ነበረው። ገመዳ በሥራ ቀን ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በመካኒክነት ስለሚሠራ ልምምድ ላይ አይደርስም። አዲስ ዘፈን ሲመጣ በእሱ ቦታ ዘገዬ ይዘፍናል፤ ያውም እንደራሱ አይደለም፣ በገመዳ ጉሮሮ። ሙዚቀኞቹ ኋላ እንዳይደናገሩ፣ ገመዳ በሚተነፍስበት ይተነፍሳል፣ እሱ በሚያጎረንንበት ያጎረንናል። ድራም መቺው ሆራ ይህንን በካሴት ይቀዳዋል፤ ገመዳም ቤቱ ወስዶ ያጠናዋል። «ደመናሽ»ን ወስዶ ሳይዘፍነው አልጋ ያዘ።

«እኔ እኮ ነኝ» አለ ዘገዬ።

«ምኑ?»

«የሚዘፍነው።»

ሰንበታ በመስታወቱ አየው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

«አንተ ሰው፣ በቁሙ ያለው አልቆብህ ነው በሞተ ሰው የምትቀናው?»

ተነስቶ እንዳይሄድ ግማሽ ፂም ይዞ አይወጣ ነገር። ቀሪው እስኪላጭ ዓይኑን ጨፍኖ የራሱን ዘፈን እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ከዚያ በቀጥታ የሄደው ካሴቱን ወዳሳተመው ሙዚቃ ቤት ነው። ባለቤቱ መሐመድሰዒድ ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑን አስረዳ። ከመድረክ የተቀዱትን ቅጂዎች በዘንቢል ሞልታ ያስረከበችው የገመዳ ሚስት ዘርፉ ናት፤ ሁሉም ላይ የገመዳ ስም ተጽፏል። ዘገዬ እዚያው ባንኮኒው ፊት ቆሞ ዘፈኑን አንጎራጎረ። መሐመድሰዒድ ቴፑን አጥፍቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ሁለተኛውን ስንኝ እንዲደግምለት ጠየቀ። ሲዞር ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም።

«ወላሂ አንተ ነህ» አለ። «ግን የግጥሙ ወረቀት ሳንሱር ያለፈው በገመዳ ስም ነው። የሁለተኛው እትም ሽፋን ሰኞ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ይገባል። ዘፋኙ አንተ መሆንህን ዘርፉ ጽፋ ከፈረመች ስምህ ሽፋኑ ላይ ይወጣል። ካልፈረመች ግን አላየሁህም፣ አላየኸኝም።»

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ዘገዬ መንገዱን ሙሉ ለባሏ የሞተባት ሴት የሚናገረውን ሲያሰላስል ሄደ። ታለቅሳለች ብሎ ፈራ፤ ውሸታም ትለኛለች ብሎም ፈራ። ዘርፉ አስተማሪ ናት። የልጆቹን ፈተና እያረመች አገኛት። እንደተቀመጠ ስለ «ደመናሽ» መናገር ጀመረ፤ አላስጨረሰችውም።

«አውቃለሁ» አለች። «ሃያ ዓመት ከጎኔ የተኛ ሰው ድምፁ ይጠፋኛል እንዴ?»

ተነስታ የቡፌውን መሳቢያ ከፈተችና አንድ ካሴት ፊቱ አስቀመጠች። ካሴቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት በሆራ እጅ «ደመናሽ፣ ዘገዬ፣ ለልምምድ» ተብሎ ተጽፏል። «ዘገዬ» የሚለው ተሰርዟል፤ እስክሪብቶው ተጭኖ ወረቀቱን ቀዶታል። ከላዩ ላይ በሚንቀጠቀጥ ጽሑፍ «ገመዳ» ይላል።

በመጨረሻው ወር ይህንኑ ብቻ ነበር የሚሰማው አለች። ካሴቱ ባለቀ ቁጥር እሷ ታጠነጥንለታለች። የሚያጠና መስሏት፣ ሲሻልህ ትዘፍነዋለህ ብትለው ሳቀ።

«ምኑን እዘፍነዋለሁ አለኝ። ዘገዬ ጨርሶታል፤ በእኔ ጉሮሮ እኔ የማልደርስበት ደረሰ አለኝ። በማግስቱ እስክሪብቶ ለመነኝ። ሲሰርዝ አየሁት፤ አፈርኩለት። ግን ምን ብዬ ልቆጣው? አልጋ ላይ ያለ ሰው ነው። መሐመድሰዒድ ሲመጣም ከሌሎቹ ጋር ዝም ብዬ ሰጠሁት፤ ቀድቶ መለሰልኝ።»

ዘገዬ ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። አሥራ አራት ዓመት ሲግጠው የኖረው ነገር ገመዳንም አንድ ወር ግጦታል። አንድ ወር ነው፤ ግን ጣፈጠው። መጣፈጡ አሳፈረው፤ ሆኖም ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

መሐመድሰዒድ የጠየቀውን ሲነግራት ዘርፉ ከደብተር ወረቀት ገንጥላ ተዘጋጀች። «ምን ብዬ ልጻፍ? በስህተት ነው ልበል ወይስ ያየኸውን? ያየኸውን ብል ሰው ይታዘበዋል። ግን እውነት ነው፤ ከፈለግህ እጽፈዋለሁ።»

ፈለገ። ከተማው በሙሉ እንዲያነበው፣ የሳቁበት ሁሉ ድምፅ አውጥተው እንዲያነቡት ፈለገ። ቀና ሲል ግን «ባለቤቴ» ብላ ጀምራ እስክሪብቶዋን አንስታ ስትጠብቀው አየ።

«በስህተት በይ፣ እትዬ ዘርፉ።»

«የማን ስህተት?»

ዘገዬ ካሴቱን ጽሑፉ እንዳይታይ ገለበጠው።

«የኔ። ስሜን ሳልጽፍበት ሰጠኋችሁ በይ።»

ጽፋ ፈረመች። ደብዳቤውን ተቀብሎ ከተነሳ በኋላ፣ ያላሰበውን ተናገረ።

«ካሴቷን ስጪኝ።»

«ዘፈኑ በየሱቁ ይሸጥ የለ?»

«ይቺን ነው የምፈልገው።»

ገባት። ካሴቱን አንስታ በሁለት እጇ ያዘችው። «ለመጨረሻ ጊዜ የጻፈው ይሄ ነው፣ ዘገዬ። ክፉም ቢሆን የእሱ እጅ ነው፤ አልሰጥም።» መሳቢያው ውስጥ ከተተችውና ቆለፈች።

ሰኞ ስሙ ማተሚያ ቤት ይገባል። ዘገዬ በሩ ላይ ቆሞ ወደ መሳቢያው ተመለከተ፤ በኪሱ ያለውን ደብዳቤ ካሴቷ ላይ ባለችው ቁራጭ ወረቀት ለውጪልኝ ቢል ምን እንደምትመልስለት አሰበ። ዘርፉ ቁልፉን አንገቷ ላይ ባለው ክር አስራ ወደ እርማቷ ተመለሰች። ደህና ዋይ ብሏት ወጣ።