አንዴ ከያዘ የማይለቅ

ያመመህ ለት መጀመሪያ የምትጠይቀው ማንን ነው፤ ሰውን ወይስ ስልክህን? እንዳትዋሽ። የአናጢው ልጅ ሐዘን ቤት የገባውን ሁሉ ይህንኑ ለመጠየቅ አፏን እየበላት ነው።

ሦስተኛው ቀን ነው፤ መቀመጥ አቅቷታል። ሻይ ይዛ ትነሳለች፣ ሳትሰጥ ትመለሳለች። አክስቷ አረፍ በይ ስትላት አረፍ ብላ ትነሳለች። ጎረቤቶች ጥግ ይዘው፣ አባቷ ምንም ሳያመው ድንገት ሄደ ይባባላሉ። ምንም ሳያመው? የአባቷ ስልክ እኮ ኪሷ ውስጥ ነው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አባቷ መጋዙን አስቀምጦ ስልኩን አቀበላት።

"እስቲ ጻፊልኝ፤ ደረቴን ሞርሳ ውስጥ ከትቶ የሚያጠብቅብኝ ምንድን ነው?"

ሞርሳ እንጨት ነክሶ የሚይዝ ብረት ነው። አናጢ ሌላ ቃል ከየት ያምጣ? እንዳለው ጻፈችለት። ስልኩ የሚሸጡ ሞርሳዎችን ደረደረ፤ አንደኛው ሥር "አንዴ ከያዘ የማይለቅ" ይላል።

"ተመስገን፣ በሽታዬን አገኙት" አለና ሳቀ። እሷም ሳቀች። ሥራ ስለረፈደባት ጥያቄውን ዶክተሩ ገጽ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ጽፋለት ወጣች።

ዶክተሩ የአጎቷ ልጅ ነው። በስልክ ስለ ጤና ሲያስተምር መቶ ሺህ ሰው ይከተለዋል። አባቷ "የኛ ልጅ" እያለ ለደንበኛው ሁሉ ያሳየው ነበር።

ይኸው አሁን መጣ። አቅፏት ሲያበቃ ተቀምጦ ለሐዘንተኛው ማስረዳት ያዘ፤ ሰው ሕመሙን ደብቆ እንደሚሞት፣ አጎቱም ቢጠይቀው ኖሮ...

"ጠይቆሃል" አለች።

ስልኩን አውጥታ አሳየችው። የአባቷ ጥያቄ አለ፤ ሥሩ ከዶክተሩ ገጽ የተላከች አንዲት ቀይ ልብ። ሌላ ምንም።

ዶክተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እህቴ፣ በቀን ስንት መቶ ሰው ይጽፋል መሰለሽ። ገጹንም የሚይዙልኝ ሌሎች ናቸው። ወጣ ብለን ብቻችንን እናውራ።"

"ብቻችንንማ አይሆንም። እኔ እጁን ይዤ ሐኪም ቤት መውሰድ ሲገባኝ፣ ሥቄ ወደ ሥራዬ ሄጃለሁ። ይኸው በሰው ፊት ተናገርኩ።"

የስልኩ ስንጥቅ ውስጥ የእንጨት ብናኝ ገብቷል። በጥፍሯ ልታወጣው ጀመረችና ተወችው። ከነብናኙ ዶክተሩ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

"ተራው ያንተ ነው። ጥያቄው እዚያው አለ፤ መቶ ሺህ ሰው እያየ፣ እዚያው ሥር መልስለት።"